ከሩቅ ሆኖ ማስተማር፦ የልጁን መልስ ማን ይሰማል?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ የአገራችንን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ሲያዘጋ፣ ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ቤት ገቡ። ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የአንደኛ ደረጃውን ትምህርት በሬዲዮ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በቴሌቪዥን ማስተላለፍ ጀመሩ። በአዲስ አበባ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለየክፍሉ የቴሌግራም ቻናል ከፍተው ማስታወሻና የቤት ሥራ ላኩ። ወላጆችም በየቀኑ የሚወርደውን ፋይል እያወረዱ ልጆቻቸውን «ሠራህ? ጨረስሽ?» ማለት ሆነ ሥራቸው።

በዚያው ሳምንት ዳባት ላይ የነበረውን እናስብ። ዳባት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ደጋማ የወረዳ ከተማ ናት። ከዋናው መንገድ ዳር መብራትም ኔትወርክም ይገኛል። ከመንገዱ ወጣ ሲባል ግን ገደሉና ሸለቆው ይጀምራል፤ ልጁም ቀኑን ሙሉ ከከብት ኋላ ነው። ሬዲዮ ያለው ቤት የባትሪ ድንጋይ ሊያልቅበት ይችላል። ድንጋይ ቢኖርም ትምህርቱ የሚተላለፍበት ሰዓት ከብቱ ሜዳ ላይ የሚውልበት ሰዓት ነው። ቴሌግራምን አለማንሳት ይሻላል።

ለዚህ አካባቢ ልጅ ደግሞ ኮቪድ የመጀመሪያው መዘጋት እንጂ የመጨረሻው አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ድረስ ዘልቆ ገባ፤ የጭና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነዋሪዎች ያዩትን መከራ አገር ሰምቶታል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤቶች እንደገና ተዘጉ። የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ጠፋ። በ2017 የትምህርት ዘመን በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩት ልጆች ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ተነግሯል። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የነበረች ልጅ ነገሩ ሁሉ ሰላም ቢሆን በ2018 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ትሆን ነበር። የተዘጋውን ጊዜ ሁሉ ስንቀንስ ግን በእርግጥ የተማረችው ስንት ዓመት ነው? ሴት ልጅ ስትሆን ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሽማግሌ መላክ ወሬ ይጀመራልና። ሕጉ 18 ዓመት ቢልም ቤት ተቀምጣ የዋለችን ልጅ ከጋብቻ ከሚያስመልጣት ነገር አንዱ «ተማሪ ናት» መባሏ ነው።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል ስለ «ኦንላይን ትምህርት» ማውራት የከተማ ሰው ቅንጦት አይመስልም? አንዳንዱ እንዲህ ይላል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ታብሌትና ኢንተርኔት ቢገባ ችግሩ ሁሉ እንደሚፈታ ያስባል። ሁለቱም አንድ ጥያቄ የረሱ ይመስለናል። ልጁ ትምህርቱን ከሰማ በኋላ የሚመልሰውን መልስ ማን ይሰማዋል?

ጥያቄ የማይሰማው መምህር

ከሩቅ ሆኖ ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» ሲገባ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ከፊት ለፊቱ ተቀምጠው ተምረዋል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት እየመጣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ላቦራቶሪ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ እንዲያይ ያደረገው ፕላዝማ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። በአንዳንድ ነገሩ ከጊዜው የቀደመ ነበር።

ነገር ግን ፕላዝማው አይጠብቅም። ትምህርቱ በተመደበለት ደቂቃ ይጀምራል፣ በተመደበለት ደቂቃ ያልቃል። ተማሪው አልገባኝም ቢል የሚያቆመው የለም። የክፍሉ መምህር ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት መሐሉን እንደ ተማሪዎቹ ቆሞ ያያል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ዝም ብሎ መልሱን ራሱ ይናገራል። ክፍሉ ትክክል ይመልስ፣ ይሳሳት፣ ይተኛ አያውቅም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የተከፈቱት ብዙዎቹ የቴሌግራም ቻናሎች በእጅ የሚያዙ ፕላዝማዎች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማስታወሻው ይወርዳል፣ ፒዲኤፉ ይወርዳል፣ ከሥር «የታየ» የሚል ቁጥር ይጨምራል። መታየቱን እንጂ መግባቱን ማን ያውቃል?

42 ሲቀነስ 17

ነገሩን በአንድ የሂሳብ ጥያቄ እንየው። አንዲትን የአራተኛ ክፍል ተማሪ 42 ሲቀነስ 17 ስንት ነው ብለን ጠየቅናት እንበል። «35» አለችን። መልሱ 25 ስለሆነ ተሳስታለች። ነገር ግን ልጅቷ ዝም ብላ አልገመተችም። ከ7 ላይ 2 ቀነሰች፣ 5 አገኘች፤ ከ4 ላይ 1 ቀነሰች፣ 3 አገኘች። ምንጊዜም ከትልቁ ትንሹን ነው የምቀንሰው ብላ ተምራለች። ከአሥር ቤት መበደርን አልተማረችም፣ ወይም በተማሩበት ሳምንት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር።

ሬዲዮው ይህን 35 አይሰማም። ቴሌቪዥኑ አይሰማም። ፒዲኤፉ ከመጨረሻ ገጹ ላይ 25 ብሎ ጽፎላት ሊሆን ይችላል፤ እርሷም ደብተሯን ሰርዛ 25 ብላ ታልፋለች፤ በሚቀጥለው ቀን 53 ሲቀነስ 28 ስትባል እንደገና 35 ትላለች። «እስቲ እንዴት አድርገሽ አገኘሽው?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋታል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ስልክ ላይም ይሆናል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። በዚያው በኮቪድ ዓመት በቦትስዋና ያንግ ላቭ የተባለ የአገሩ ድርጅት ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ልጆች ያሏቸውን ከ4 ሺህ 500 በላይ ቤተሰቦች በሦስት ከፈለ። ለአንደኛው ቡድን በየሳምንቱ የሂሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላከ። ለሁለተኛው መልእክቱን ከላከ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን ስልክ ደወለ። ለሦስተኛው ምንም አልተላከም። ኢንተርኔት የለም፣ ታብሌት የለም፤ ተራ ስልክ ብቻ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጆቹ ሲፈተኑ የተደወለላቸው ልጆች መሻሻላቸው በግልጽ ታየ። መልእክት ብቻ የተላከላቸው ግን ምንም ካልተላከላቸው እምብዛም አልተለዩም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር ሂውማን ቢሄቪየር በተባለው የምርምር መጽሔት ታትሟል።

ሁለቱም ቡድኖች አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የደረሳቸው። ልዩነቱ አንዱ ጋ ደውሎ የሚሰማ ሰው መኖሩ ነው። ደዋዩ መልሱን ሰምቶ ልጁ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ይለይና የሚቀጥለውን ሳምንት ጥያቄ በዚያ ልክ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚገርመው ወላጆቹም ተለወጡ። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ተከፍቶ እነርሱም ስለሚሰሙ፣ ልጃቸው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ቀድሞ ከነበራቸው ግምት የተሻለ ማወቅ ጀመሩ። ሙከራው በኋላ በህንድ፣ በኬንያ፣ በኔፓል፣ በፊሊፒንስና በኡጋንዳ ከ16 ሺህ በላይ በሆኑ ልጆች ላይ ተደግሞ ውጤቱ ጸንቶ ተገኘ። የመንግሥት መምህራን ሲደውሉም ሠርቷል።

ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ካን አካዳሚም አጀማመሩ ከዚህ አይርቅም። ሰልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2004 ቦስተን ሆኖ ኒው ኦርሊንስ የምትኖር የአጎት ልጅ ሂሳብ ሲያስቸግራት በስልክ ያስጠናት ነበር። ቪዲዮዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የደብዳቤው አስተማሪ

ለእኛ ለአማኞች ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብዙዎቹን የጻፈው ከሩቅ ሆኖ ለማስተማር ነው። ከተሰሎንቄ በስደት ከወጣ በኋላ ግን ስለ ምእመናኑ መታገሥ አቅቶት፣ እምነታቸው የት እንደ ደረሰ እንዲያውቅ ጢሞቴዎስን ላከው (1ኛ ተሰ. 3፥1-5)። የመጀመሪያውን የተሰሎንቄ መልእክት የጻፈው ጢሞቴዎስ ወሬያቸውን ይዞ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህም ደብዳቤው እነርሱ የተቸገሩበትን ጉዳይ ለይቶ ይመልሳል፤ ስላንቀላፉት ወገኖቻቸው ተጨንቀው ነበርና ስለዚያ ይጽፍላቸዋል። አስቀድሞ ሰምቷል፤ ከዚያ አስተማረ። ዮሐንስም በሁለተኛ መልእክቱ መጨረሻ ላይ የሚጽፈው ብዙ ነገር እያለው በወረቀትና በቀለም ከመጨረስ ይልቅ ፊት ለፊት መነጋገርን መርጧል።

ቤተ ክርስቲያን በቅርቡም ዘመን ይህን መንገድ ታውቀዋለች። በብዙዎቹ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ቲ.ኢ.ኢ. እየተባለ የሚታወቀው የርቀት ነገረ መለኮት ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1963 በጓቲማላ ተጀምሮ ወደ እኛም አገር የመጣ ነው። አገልጋዩ እርሻውንና ቤተሰቡን ሳይተው መጽሐፉን በቤቱ ያነባል፣ ጥያቄዎቹን ይሠራል፤ በሳምንት አንድ ቀን ግን ከአስጠኚውና ከባልንጀሮቹ ጋር ይገናኛል። ያቺ የሳምንት ስብሰባ ከቀረች መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አቧራ እንደሚጠጣ የሞከረው ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ በየአጥቢያችን ያሉትን እንቁጠር። ጡረታ የወጡ መምህራን አሉ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱና ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶች አሉ። በሰንበት ትምህርት ሃያና ሠላሳ ልጅ ዝም አሰኝቶ ማስተማር የሚችሉ እህቶች አሉ። በውጭ አገር ሆነው «ለአገሬ ምን ላድርግ?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ብዙዎቻችን ደግሞ በጎንደር፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በወቅን ዘመድ አለን፤ የአክስት ልጅ፣ የወንድም ልጅ። ለበዓል ደውለን «ትምህርት እንዴት ነው?» እንላለን። «ደህና ነው» ይሉናል። እዚያ ላይ ያበቃል። በዚያው ስልክ 42 ሲቀነስ 17 ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር።

እንዴት ይደረግ?

መጀመሪያ ቁጥሩን ማሳነስ ነው። ሁለት መቶ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቶ «ተማሪዎቼ» ማለት ራስን ማታለል ነው። በሁለት መቶ ሰው መካከል የሚናገሩት አምስቱ ጎበዞች ናቸው፤ የቀሩት ተደብቀው ይውላሉ። አንድ ሰው ከአራት ወይም ከአምስት ልጅ በላይ አይያዝ። ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፤ ሰዓቱንም የሚመርጠው ደዋዩ ሳይሆን የልጁ ቤት ነው። የደጋ ገበሬ ልጅ ከብት ገብቶ፣ እራት ሳይቀርብ ያለችው ጊዜ ትመቸው ይሆናል። የገበያ ቀን ደግሞ ስልኩ ከአባት ኪስ ጋር ገበያ ወርዷልና አይደወልም። ባትሪውም የሚሞላው ከተማ ተወስዶ ወይም በሶላር ሊሆን ስለሚችል ስልኩ ተዘግቶ ቢገኝ ልጁ ሰነፈ ብሎ መደምደም አይገባም።

ስልኩ የእናት ወይም የአባት ነው፤ የሚደወለውም ለእነርሱ ነው። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ልጅን የመጠበቅ ጉዳይ ነው። ለማንም ልጅ ወላጁ ሳያውቅ አይደወልም፣ በግል መልእክት አይጻፍም፤ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ቤተሰቡ እየሰማ ነው የሚጠናው። «እማማ፣ እንደምን አመሹ? ልጅዎን ለማስጠናት ነው፤ እርስዎም አጠገባችን ይሁኑልን» ብሎ መጀመር ነው። እናትየው ፊደል ባይቆጥሩም ልጃቸው ሲሳሳትና ሲያርም ይሰማሉ፤ በማግስቱ «ትናንት ያቃተህን ሠራኸው?» ብለው የሚጠይቁት እርሳቸው ናቸው።

ጥሪው ሲጀመር ትምህርት አይሰጥም፤ ጥያቄ ይጠየቃል። መልሱ ትክክልም ቢሆን ስህተት «እንዴት አገኘኸው?» ይባላል። ልጁ ዝም ሲል ደዋዩም ዝም ማለትን ይማር። ይህ ለአስተማሪ ከባድ ነው፤ በስልክ ደግሞ አሥር ሰከንድ ዝምታ እንደ አንድ ሰዓት ይረዝማል፣ የካርዱም ነገር አለ። ቢሆንም ልጁ የሚያስበው በዚያች ዝምታ ነው።

ስማርት ስልክና ኢንተርኔት ባለበት ቤት ቴሌግራም ብዙ ያግዛል። ልጁ የሠራውን ደብተር ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤ ወይም አሠራሩን በድምፅ ቀድቶ ያስረዳል፤ መጻፍ የሚፈራ ልጅ በድምፅ ሲሆን ይፈታል። የቴሌግራም የፈተና ጥያቄ የሚባለውን የምርጫ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ስህተት ምርጫዎቹን በዘፈቀደ አይሙላ። 25 ከሚለው አጠገብ 35ን አስቦ ያስቀምጥ። 35ን የመረጠ ልጅ ምን እንዳልገባው ራሱ ነገረን ማለት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ በስልክ እየዞሩ ስለሆነ ሁለቱም ወገን አንድ ገጽ ገልጦ መነጋገር ይችላል። ፋይሉ አንድ ጊዜ ከተገኘ በሚሞሪ ካርድም ሆነ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ኢንተርኔት ይተላለፋል። ኮሊብሪ የተባለውን ፕሮግራም የመሰሉ፣ ትምህርቱን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነው ያለ ኢንተርኔት ለብዙ ተማሪ የሚያዳርሱ መሣሪያዎችም አሉ፤ አቅም ያለው ድርጅት ቢያስብባቸው መልካም ነው።

የስልክ ነገር ሲነሣ ወላጆች የሚያሰሙት እውነተኛ ስጋት አለ። «ስልክ ልጄን አበላሸው» በሚባልበት ዘመን እናንተ ስልክ ስጡ ትላላችሁ ወይ ይሉናል። ስጡ አላልንም። በሳምንት ሃያ ደቂቃ፣ በወላጅ ስልክ፣ በወላጅ ፊት ነው ያልነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። በዳባትና በአካባቢዋ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ነው። ለሂሳብ ብለን ደውለን በመሐል ስብከት ብናስገባ፣ አንድ እናት ልጃቸውን ለማስጠናት ብለው በከፈቱልን በር በስርቆሽ መግባት ይሆንብናል። የክርስቶስ ፍቅር ለልጁ መቀነስን ለማስተማር ምክንያት ሆኖ ከበቃን ይብቃን። የሚጠይቀን ቢኖር የተስፋችንን ምክንያት በየዋህነት መናገር ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱም ከወላጅ ጋር እንጂ ከልጅ ጋር በስልክ አይደለም።

ኔትወርኩ ጨርሶ ሲጠፋስ? ይህ በሰሜኑ አገራችን የታየ ነገር ነውና ከወዲሁ መታሰብ አለበት። ጥሪው በሚሠራበት ጊዜ የአራት ሳምንት ጥያቄ አስቀድሞ ለልጁ አስጽፎ ማቆየት ይቻላል፤ በየሳምንቱ አምስት ጥያቄ፣ በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በታች ለመልሱ ብቻ ሳይሆን ለአሠራሩም ባዶ ቦታ ይተዋል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ መኪና የሚሄድበት ቀን ከተገኘ የሚያውቁት መንገደኛ ደብተሩን ያመጣል፣ የታረመውን ይመልሳል። ኔትወርኩ ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያው ጥሪ የሚጀመረው ከአዲስ ትምህርት ሳይሆን ልጁ በእነዚያ ገጾች ላይ የሠራውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ በመጠየቅ ነው።